ፍየሏ የጣለቻት ቬስፓ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሰዑድ አዲሷን ስኩተሩን ደጄ ላይ አቁሞ ሱቅ ዘው ከማለቱ ከኋላው ጓ! አለ። ዝናብ የጠገበ መሬት ላይ በአንድ እግሯ አቁሟት ኖሮ፣ እሷም ትንሽ ካሰበችበት በኋላ በጎኗ ጋደም አለች። ልጁ ከሳውዲ ተመልሶ መጀመሪያ የገዛው ነገር እሷን ነው። በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ ድምፅ የሌላት፣ ሳትሰማ ከኋላህ መጥታ የምታስደነግጥ ጉድ ናት። የጎኗ ፕላስቲክ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ሲያይ ራሱን ይዞ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

«ተነስ እንጂ አንተ! ሰው አልሞተ» አልኩት።

«ተይኝ እስቲ እትዬ ዘይቱና! ገና የመቀመጫዋን ላስቲክ እንኳ አልላጥኩትም!»

«ላስቲኩንማ ለሠርግህ ነው ያስቀመጥከው። ሙሽራዋ ትላጠው።»

አልሳቀም። በማግሥቱ ደሴ ወጥቶ አዲስ ፕላስቲክ ይዞ መጣ። ብሎኖቹን ፈታ፣ የተሰነጠቀውን ወዲያ ጣለ፣ አዲሱን ገጠመ፤ አለቀ። የቀዳሁት ሻይ እንኳ አልቀዘቀዘም። ሰው የጎረቤቱ ሥራ ሲቀና ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ደጃፌ ላይ ቆሜ ንድድ አለኝ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

እኔ የማውቃት ቬስፓ ልክ እንደዚህ በጎኗ ወድቃ፣ ጎኗ እስኪቃና ድረስ ሬመዳን ገብቶ ወጥቷል፣ ዒድ አልፏል፣ በልግ ተዘርቶ ታጭዷል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ አንድ ነገር ብቻ ስጠብቅ ነበር፤ ተራዬን።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ይኸው አሁን ያለሁበት ነው፤ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ። የእኛን ግቢ ከእትዬ ዑምኩልሱም ግቢ የሚለየው የቅንጭብ አጥር ነበር። እትዬ ዑምኩልሱም ባሏ የሞተባት፣ ካሊድ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። ካሊድ ሰማያዊ ቬስፓ ነበረችው። የሐይቁን ዓሣ በቅርጫት ኋላዋ ላይ አስሮ ደሴ ያደርስባት ነበር። ጅዳ ሲሄድ «ስመጣ እንዳለች ላግኛት» ብሎ ለእናቱ ትቶላት ሄደ።

እሷም እንዳለች አቆየቻት። በአንሶላ ትሸፍናታለች፤ ጠዋት ጠዋት አንሶላውን ገልጣ እንደ ሕፃን ገላ ትወለውላታለች። አባቴ አብዱልከሪም ከካሊድ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ መንዳት የተማረውም በእሷ ነው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ገብቶ ሞተሯን ያስነሣታል፤ ቆማ እንዳትበላሽ ነው። ከግቢ ግን አትወጣም። ትጮኻለች፣ ታጨሳለች፣ ትጠፋለች። እኔ ጭሷን አሽትቼ እቀራለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ዘይቱን ዛፋችን ላይ ወጥቼ ነበር። ዘይቱና የተባለች ልጅ ሌላ የት ትወጣለች? ከዚያ ላይ ሁለቱም ግቢ ይታየኛል። በእኛ በኩል አባቴ ከማላውቀው ሰው ጋር አጥሩን ተጠግቶ ቆሟል። ሰውዬው ከጅዳ የመጣ መሆኑን በሰዓቱ ነው ያወቅሁት፤ ያኔ ከጅዳ የመጣ ሰው ሰዓቱ ከሩቅ ያብረቀርቅ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። አባቴ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ፀሐይ መታው አልኩ። ሰውዬው ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ከቅንጭቡ ወዲያ እትዬ ዑምኩልሱም ቬስፓዋን ትወለውላለች። መወልወሏን አቆመች። ጨርቁን እንደያዘች ወደ አጥሩ ጠጋ አለች። ከዚያ ተመለሰች። ቀጥሎ ያደረገችውን ሳይ የገመጥኩት ዘይቱን ከእጄ ወደቀ። ቬስፓዋን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ደረቷን መቀመጫው ላይ ጥላ ተኛችባት። ማቆሚያ እግሯ ደግሞ ለዚህ የተሠራ አይደለም። ወዲያ ዘመመችና ሁለቱም ተያይዘው ጓ! ግድግዳው ሥር ያለው ድንጋይ ላይ።

ሳቅ ገደለኝ። ይቺ አሮጊት ሰው ሳያያት ልትነዳ ነበር!

«ምንድን ነው እሱ?» ብሎ ጮኸ አባቴ። ድምፁ እንደ ሴት ቀጥኗል።

«ምንም አይደለም! ይቺ የተረገመች ፍየል ናት! ቬስፓዋን ጣለችብኝ!»

ፍየሏ ግቢው ጥግ ላይ የድንች ልጣጭ ታመነዥካለች። ሥራዋን ሳታቋርጥ ቀና ብላ አየችን። እትዬ ዑምኩልሱም ከወደቀችበት ሳትነሣ ሽቅብ ስታይ ዛፉ ላይ አገኘችኝ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ አቧራ ገብቶበታል አልኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በቅንጭቡ ቀዳዳ ጠራችኝ።

«ያየሽውን ለማንም እንዳትናገሪ። ለእናትሽም ቢሆን።»

«ልትነጂ ነበር አይደል?»

ትንሽ አየችኝ። «አዎ» አለች። «ልነዳ ስል ወደቅሁ። ዝም ካልሽልኝ፣ ተሠርታ ስታልቅ አባትሽ በእሷ ሐይቁ ዳር አድርሶ ይመልስሻል። ወላሂ ቃሌ ነው።»

አሮጊት ያልኳትን አሁን ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። ያኔ ዕድሜዋ እኔ ዛሬ ካለሁበት አይበልጥም።

ፍየሏ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግንድ ሥር ታሰረች። ንጹሕ መሆኗን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቅጠል ይዤላት እሄዳለሁ። ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ብትናገር ኖሮ የምትለውን አውቀዋለሁ።

አባቴ ኑርዬን ይዞ መጣ። ኑርዬ ባትላሜራ ነው የሚሠራው፤ የተጨማደደ የመኪና በር፣ የተጨፈለቀ ፓራፋንጎ በመዶሻ ያቃናል። አጭር ነው፤ ጺሙ ላይ የሚሠራው መኪና ቀለም አይጠፋም። ቬስፓዋን ዞሮ ዞሮ አያትና ከንፈሩን መጠጠ። የቀኝ ጎኗ፣ ያ እንደ ጉንጭ ነፋ ያለው ቆርቆሮ፣ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ቀለሙ ተልጧል።

«ቀላል ነው» አለ። «ጉንጯን እፈታና ከውስጥ በኩል በመዶሻ ገፋ ገፋ አደርጋለሁ። የቀረውን በስቱኮ ሞልቼ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ ቀለም ቀብቼ እሰጥሻለሁ።»

«ስቱኮ አይገባባትም» አለች እትዬ ዑምኩልሱም።

«ኧረ እትዬ! ስቱኮ ያልገባበት መኪና በዚህ አስፋልት አያልፍም። ከቀለሙ ሥር ማን ያየዋል?»

«እኔ አውቀዋለሁ። ልጄ እንዳለች ላግኛት ነው ያለኝ። ብረቱ ራሱ ይመለስ።»

ኑርዬና አባቴ ተያዩ። አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። «እንዳለችህ አድርግላት» አለው ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የእኔን ትዕግሥት የጨረሰ ነው። ኑርዬ ከሰዓት ከሰዓት ይመጣል። ጉንጯን ግንድ ላይ ገልብጦ ጧ ጧ ጧ ያደርጋል። ያነሣል፣ በፀሐይ በኩል አጋድሞ ያያል፣ ይጠራታል። እትዬ ዑምኩልሱም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ትዳብሳለች።

«እዚህ ጋ አለ።»

«የት ነው?»

«እዚህ። ይጎረብጣል።»

ኑርዬ ይዳብሳል። «እኔ ምንም አላገኘሁም እትዬ።»

«ያንተ እጅ መዶሻ ለምዷል፤ ምን ይሰማዋል!»

እኔም ተጠግቼ ዳበስኩት። ወላሂ ምንም የለም! እንደ ዕንቁላል የለሰለሰ ነው።

«አልቋል እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለቱም ዞረው መስጊድ ውስጥ የሳቀ ልጅ እንደሚታይ አዩኝ። ከዚያ ኑርዬ መዶሻውን አነሣ። ጧ ጧ ጧ።

ኑርዬን ጠላሁት። ለአባቴ «ሌላ ሰው አምጣላት፤ ይሄ ሰውዬ ሥራ አይችልም» ብዬ ነገርኩት። «አፍሽን ያዢ» አለኝ። ትምህርት ቤት ለጓደኞቼ በቬስፓ ልሄድ ነው ብዬ አውርቼ ስለነበር በየጠዋቱ «እሺ ዘይቱና፣ ቬስፓሽስ?» ይሉኛል። «ጉንጯን እየታከመች ነው» እላለሁ። ይስቁብኛል። ኑርዬ ባጠፋው እኔ እዋረዳለሁ።

አሁን ኑርዬ አርጅቷል፤ መዶሻውን ለልጁ ትቶ መስጊዱ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን አንሥቼበት ነበር። «ጉንጯማ ወዲያው ነው የተመለሰችው» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን መች መታሁት? ግንዱን ነበር የምመታው።»

ሬመዳን ሲገባ ሥራው ጭራሽ ቆመ ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ኑርዬ እኛ ቤት ሊያፈጥር መጣ። ከተበላ በኋላ እኔ ከእናቴ ጀርባ ምንጣፉ ላይ ተጋደምኩ። ተኛች ብለው ማውራት ጀመሩ።

«ማን ይንገራት?» አለ ኑርዬ።

«አንተ ጀምርላት» አለ አባቴ። «በየቀኑ ግቢዋ የምትውለው አንተ ነህ።»

«እኔ? አልችልም፤ አላህ ያውቃል። ዓይኗን ጨፍና ስትዳብስ ብታያት…»

«ጾም ላይ አይሆንም» አለች እናቴ። «ጾሟን በሰላም ትጨርስ። ምን ያስቸኩላል? ያለቀ ነገር ነው።»

«ዒድ ላይስ?»

«በዒድ? ማን ደፍሮ!»

አባቴ ተነፈሰ። «እንግዲያው ቬስፓዋ ትለቅላት። የጠየቀችን ይሄንኑ ብቻ ነው። እሱን እንኳ እናድርስላትና ከዚያ እንነግራታለን።»

ዓይኔን ጨፍኜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ኑርዬ አልቻለም! ቬስፓዋ ድሮ እንደነበረችው አትሆንም፤ ያለቀ ነገር ነው። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች አንዲት ሴት ፈርተው እውነቱን ሳይናገሩ ጧ ጧ እያሉ ያታልሏታል። በንዴት ምንጣፉን ነከስኩት።

ካሊድ ያን ጊዜ ጅዳ ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር። ሠራተኛ የጫነች መኪና፣ ነጂው ሲከንፍባት፣ ተገልብጣ ነው። ሰዓቱ የሚያብረቀርቀው ሰውዬ የሥራ ጓደኛው ነው፤ አፈር አልብሶት መጥቶ ለአባቴ ነገረው። በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሼህ ይጠራል፣ በማለዳ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ተኪዶ ይነገራል። ሬሳው እዚህ ቢሆን ኖሮ በዕለቱ ያልቅ ነበር፤ ቀብር አያሳድሩም። ሬሳ ሲርቅ ግን ነገ ይሁን፣ ከነገ ወዲያ ይሁን እየተባለ ጥሩ ቀን ሲፈለግ ይከረማል። ለልጅ መርዶ ጥሩ ቀን!

ዒድ አለፈ። አሁን ደግሞ የቀለም ተራ ሆነ። ኑርዬ ከደሴ ሰማያዊ ቀለም አምጥቶ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ በጠበጠው። መርጫ ማሽን የለውም፤ የትኋን መድኃኒት የሚረጭበት የፍሊት መርጫ ነው ያመጣው። ፍሽ ፍሽ ሲያደርግ የመጀመሪያው ቀን ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ቀለሙ ሳይደርቅ የእትዬ ዑምኩልሱም ዶሮ መጥታ ክንፏን አራገፈችበት። ላባው እንዳለ ጉንጯ ላይ ተለጠፈ።

«ቬስፓዋ ልትበር ነው እንዴ?» አለች እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። እንደገና መፋቅ፣ እንደገና ማሸት፣ እንደገና ፍሽ ፍሽ። ሁለተኛው ወደ አረንጓዴ አደላ። ሦስተኛው ከግራ ጉንጯ ጋር ሲያስተያዩት ጠቆረ።

«ግራውን እኮ ፀሐይ በልቶታል እትዬ» አለ ኑርዬ ላቡን እየጠረገ። «አዲስ ቀለም ከአሮጌ ጋር በየት አገር ነው የሚመሳሰለው?»

«የልጄ ቬስፓ የማለዳ ሰማይ ነበረች። ይሄ የከሰዓት ነው።»

«እሺ፤ ማለዳ እንፈልግላታለን» አለ ኑርዬ፤ የፍሊት መርጫውን አንሥቶ ሄደ። ሲሄድ አልተናደደም። ያናደደኝም ይኸው ነው! ሰው እንዴት አይናደድም? በሩ ላይ ደርሶ ጀርባውን ሰጥቶን ትንሽ ቆመ። አፍንጫውን ናፈጠ። ጉንፋን ይዞት ነበር መሰለኝ።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። እነሱ ካልደፈሩ እኔ እነግራታለሁ አልኩ። በቅንጭቡ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ። እትዬ ዑምኩልሱም ጉንጯ የወለቀ ቬስፓዋን ትወለውላለች።

«እትዬ» አልኳት። «ሊነግሩሽ ፈርተው ነው እንጂ…»

እጇ ባለበት ቆመ። ፊቷን አላዞረችም።

«ምኑን?»

«አይመለስም። እንደ ድሮው አይሆንም። ሁሉም ያውቃሉ። አባዬም፣ እማዬም፣ ኑርዬም። አንቺ እንዳታዝኚ ብለው ነው የደበቁሽ።»

ቀለሙን ነበር የምለው።

ፍየሏ ገመዷን ስትጎትት ይሰማል። እትዬ ዑምኩልሱም ጨርቁን አጠፈችው፤ ዘረጋችው፤ መልሳ አጠፈችው።

«ከማን ሰማሽ?»

«ሲያወሩ።»

«ሲያወሩ» አለች። ከዚያ ፈገግ ያለች መሰለኝ። «አጥር ለካ ለማንም አይበጅ። ሚስኪኖች! እኔ ነኝ እኮ ያስጨነቅኋቸው። ትልቅ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ በእኔ ቆርቆሮ ሲጫወት ከረመ።» አገጬን ያዘችኝ። «ሂጂ ለኑርዬ፣ ቀለሙ ይበቃል በይው። ገጥሞ ይጨርሳት። ለአባትሽም አለቀች ብላሃለች በይው።»

በረርኩ። ያን ሁሉ ወራት ስንት ሰው ያቃተውን ነገር እኔ በአንድ አፍ ጨረስኩት! አባቴ በደስታ ይዘላል ብዬ ነበር። «አለቀች ብላሃለች» ስለው ግን ደጁ ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሽልማት እንኳ ቢቀር «ጎሽ» የሚለኝ ጠፋ።

በማግሥቱ ኑርዬ ጉንጯን ገጥሞ ጨረሰ። ከዚያ ሰው መምጣት ጀመረ። ከአምባሰል በኩል የእትዬ ዑምኩልሱም ወንድሞች ከነሚስቶቻቸው መጡ፤ ከውጫሌ አክስቷ መጣች። ግን ወደ እሷ ቤት አልገቡም፤ እኛ ቤት ነው የተደበቁት። እኔ ምን እንዳሰብኩ ገምቱ። ቬስፓዋ ማለቋን ሰምተው ሊነዱ መጡ! ይሄ ሁሉ ሰው ከዞረባት የእኔ ተራ መቼ ሊደርስ ነው? ከውጫሌ የመጣችውን አክስት በዓይኔ መዘንኳት፤ ብቻዋን ጎማ የምታፈነዳ ሴት ናት።

ሱብሂ ተሰግዶ ሲያበቃ ሁሉም ተሰልፈው ወጡ። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ከፊት ናቸው፤ ጎረቤታችን አቶ አራጋው ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገባቸው። እናቴ እዚሁ ቅሪ አለችኝ። ማን ይቀራል? የአባቴን ኮት ጨብጬ ገባሁ።

እትዬ ዑምኩልሱም ልብሷን ቀይራ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ለሁሉም የሚበቃ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። እንመጣለን ያላት ሰው ግን አልነበረም።

ሼህ ዘይኑልአቢዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዑምኩልሱም ልጄ፣ ሁላችንም የአላህ ነን…»

«ይቆዩኝ ሼህ» አለች እጇን አንሥታ። «መጀመሪያ ፍየሏን ፍቱልኝ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አክስቷ «አእምሮዋን ሳተች» ስትል ሰማኋት።

«ፍየሏን ፍቱልኝ። ጥፋት የለባትም። ቬስፓዋን የጣልኳት እኔ ነኝ። አብዱልከሪም፣ አንተና ያ እንግዳ ከአጥሩ ወዲያ ስታወሩ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነበርኩ።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተንሰቀሰቀ። ኑርዬ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

እኔ ኮራሁባት። ልትነዳ ስትል መውደቋን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አመነች! ያልገባኝ የወንዶቹ ማልቀስ ነው። ሴት ቬስፓ ልንዳ ማለቷ ይሄን ያህል ያስለቅሳል?

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽንም እትዬ?» አለ አባቴ።

«እናንተ እስክትነግሩኝ ድረስ ልጄ አለ ብዬ ነዋ። ጠዋት ስነቃ፣ እስካሁን ማንም ምንም አላለኝም እላለሁ። እናንተ ፊታችሁን አጥቁራችሁ ስትመጡ፣ እዚህ ጋ ይጎረብጣል እላችኋለሁ። ትመለሳላችሁ። አንድ ተጨማሪ ቀን አገኛለሁ።» ዞር ብላ እኔን ፈለገችኝ። «አሁን አብዱልከሪም፣ ይቺን ልጅ ሐይቁ ዳር አድርሰህ አምጣት። ቃል አለብኝ። ሼህ የሚሉኝን ከዚያ ይሉኛል።»

የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር!

አባቴ ቬስፓዋን አስነሣት። ቀኝ ጉንጯ ከግራው ጠቆር ብሏል፤ እኔ ግን ከዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። ከኋላው ወጥቼ ወገቡን ያዝኩ። በሩን ወጣን። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶበታል፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ብቻ ከጉሙ በላይ ይታያሉ። የጠበቅሁት ንፋስ ነበር። ጸጉሬን የሚበትን፣ ጓደኞቼን በር ላይ አቁሞ አፋቸውን የሚያስከፍት። አባቴ ግን ከጭነት አህያ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። ጄሪካን የተሸከመች ሴት ቀደመችን።

«ፍጠን አባዬ!»

አልሰማኝም።

«ፍጠን እንጂ!»

ወገቡ ይንቀጠቀጣል። ሞተሩ ነው አልኩ። ዳሩ ላይ ደርሰን ሞተሩን አጠፋው፤ ወርዶ በሐይቁ ውኃ ፊቱን ታጠበ፣ ታጠበ፣ ታጠበ። ከዚያ ዞረን በመጣንበት አካሄድ ተመለስን። ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅኩት ለዚህ ነው?

ከግቢያችን ገና ሳንደርስ ለቅሶው ተሰማ። ስንገባ ሴቶቹ መሬት ላይ ናቸው፤ ወንዶቹ በአጥሩ ዙሪያ። ፍየሏ ብቻ ተፈትታ በሰው መሀል እንደ ልቧ ትዞራለች። ያን ጊዜ ነው የካሊድን ስም ከአንዷ ሴት አፍ የሰማሁት፤ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግማሹ ብቻ። ዛፉ ላይ ሆኜ የሳቅሁበት ነገር የገባኝ እኔም ከወለድኩ በኋላ ነው።

እትዬ ዑምኩልሱም ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ በሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ድምፅ የለውም ለቅሶዋ። አየችኝና እጇን ዘረጋች። ሄጄ ጉልበቷ ላይ ተቀመጥኩ።

«እንዴት ነበረች?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተዘግቷል።

ይሄንን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ልዋሽ ብዬ ነበር፤ ንዴቴ አላስቻለኝም።

«አባዬ ቀስ ብሎ ነው የነዳት!» አልኩ፤ ስከሰው ነው። «ፍጠን ስለው እንቢ አለኝ!»

ራሴን ደረቷ ላይ አስጠጋችው።

«ደግ አደረገ» አለች። «ደግ አደረገ።»

ሰዑድ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ተነሣ። እጁን በሱሪው ጠረገና «እህ፣ እትዬ ዘይቱና? አዲስ አልሆነችም?» አለኝ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጎኗን በመዳፌ ዳበስኩት።

«እዚህ ጋ ይጎረብጣል።»

«ኧረ ፕላስቲክ ነው! ምኑ ነው የሚጎረብጥ?» ብሎ ሳቀብኝና ላስቲኳ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ቀስ ብለህ ንዳ እሺ?»

«እሺ፣ እሺ፣ አብሽሪ» አለኝ፤ ፊቱን እንኳ ሳያዞር። ወደ አስፋልቱ ታጠፈ። ልከተለው ጆሮዬን ጣልኩ፤ ያቺ ጉድ ግን ድምፅ የላትም። የት እንደደረሰ እንኳ ሰምቼ ማወቅ አልቻልኩም።